ነጩን ዱቄት ከቀዩ ድንጋይ የለየው ካርል ዮሴፍ ባየር

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

ተማሪዎች፣ የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ መቼ እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ተማረና መቼ እንደ ሞተ መዘርዘር ብቻ አይበቃም። ሰውየው የገጠመው ችግር ምን ነበር? ችግሩንስ በምን ዘዴ ፈታው? ሥራው ለተከታዩ ትውልድ ምን ጥቅም አስገኘ? ምንስ ዕዳ አስቀረ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በአእምሮአችሁ ይዛችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ

እስቲ ወደ ማድ ቤት ግቡና አንድ የአሉሚኒየም ድስት በእጃችሁ አንሡ። ከሸክላው ድስትም ሆነ ከብረት ምጣዱ ይልቅ ምን ያህል እንደሚቀል ትገነዘባላችሁ። ውሃ ነክቶት ቢያድር እንደ ብረት አይዝግም፤ እሳት ላይ ሲጣድም ፈጥኖ ይሞቃል። ከከተማ ወደ ከተማ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያስተላልፈው ወፍራም ሽቦም ሆነ የብዙ አውሮፕላኖች አካል የሚሠራው ከዚሁ ማዕድን ነው። ዛሬ አሉሚኒየም የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዳሩ ግን ይህ ማዕድን እንደ ወርቅ ከወንዝ አሸዋ ታጥቦ የሚለቀም አይደለም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች መካከል በብዛት ሦስተኛው አሉሚኒየም ሲሆን፣ ከቅርፊቱ ክብደት ከመቶ 8 ያህሉን ይይዛል። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተቈራኝቶ በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር፣ የሰው ልጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት ረግጦት እየሄደ አላወቀውም። በ1821 ፒዬር ቤርትዬ የሚባል ፈረንሳዊ የማዕድን ሊቅ በደቡብ ፈረንሳይ ሌቦ በምትባል መንደር አጠገብ በአሉሚኒየም የበለጸገ ቀላ ያለ ድንጋይ አገኘ። ድንጋዩም በመንደሪቱ ስም ቦክሳይት ተባለ።

ድንጋዩ ቢገኝም አሉሚኒየሙን ከውስጡ ማውጣት ገና አስቸጋሪ ስለ ነበረ ዋጋው ከፍተኛ ነበር። በ1884 አሜሪካውያን በዋና ከተማቸው ለመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው መታሰቢያ ያቆሙትን ረጅም ሐውልት ሲጨርሱ፣ በጫፉ ላይ ያኖሩት ወርቅ ወይም ብር ሳይሆን ሦስት ኪሎ ግራም እንኳ የማይሞላ የአሉሚኒየም ቁራጭ ነበር። ዛሬ በማድ ቤታችሁ ያነሣችሁት ድስት በዚያን ዘመን የሐውልት ጌጥ ለመሆን የሚበቃ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ይህን ውድ ማዕድን ከሐውልት ጫፍ አውርዶ ወደ ማድ ቤት ያስገባው ምንድን ነው? መልሱ የብዙ ሰዎች ድካም ነው። ከእነዚህም መካከል ሥራው ታላቅ ሆኖ ሳለ ስሙ እምብዛም የማይነሣው ካርል ዮሴፍ ባየር ነው።

ባየር የተወለደው በማርች 4 ቀን 1847፣ ቢሊትስ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ባለችው የሲሌዥያ ክፍል ትገኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ቢየልስኮ ቢያዋ ተብላ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። የባየርን ስም መድኃኒት ከሚሠራው ከታወቀው የጀርመን ኩባንያ ስም ጋር እንዳታምታቱት፤ ስማቸው ከመመሳሰሉ በቀር በሁለቱ መካከል ግንኙነት የለም።

አባቱ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ስለ ነበረ ልጁ የእሱን ፈለግ እንዲከተል ፈለገ። የወጣቱ ልብ ግን ያዘነበለው ግድግዳ ወደ መካብ ሳይሆን የግድግዳው ድንጋይ ከምን እንደ ተሠራ ወደ መመርመር ነበር። ስለዚህም የሕንፃ ትምህርቱን ትቶ በቪስባደን ከተማ በፍሬዜንዩስ ቤተ ሙከራ የኬሚስትሪ ትምህርት ጀመረ። ቀጥሎም ወደ ቤልጂክ ሄዶ በሻርለሯ በአንድ የብረት ፋብሪካ ሠራ። በዚያም የእቶኑን ሙቀትና የሠራተኛውን ላብ፣ የመጽሐፉም ትምህርት በፋብሪካ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ቻለ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ አቀና። በዚያ ያስተምር የነበረው ሮቤርት ቡንዘን በዘመኑ ከነበሩት የኬሚስትሪ ሊቃውንት መካከል እጅግ የታወቀ ነበር። ባየር በዚህ መምህር ሥር ሆኖ፣ ከተገኘ ገና ዐሥር ዓመት ባልሞላው ኢንዲየም በሚባለው ንጥረ ነገር ላይ ምርምር አካሄደ፤ በ1871ም የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። ወደ አገሩም ተመልሶ በብርኖ ከተማ በሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ለጥቂት ጊዜ አስተማረ። ይሁን እንጂ ማስተማሩ ብቻ አላረካውምና ሥራውን ለቆ የራሱን የምርምር ቤተ ሙከራ አቋቋመ። በ1885 ደግሞ አገሩን ለቆ ወደ ሩስያ ተጓዘና በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቴንቴሌቭ የኬሚካል ፋብሪካ ተቀጠረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ባየር ወደ ሩስያ የሄደው የአሉሚኒየምን ዘመን ለመክፈት አልነበረም። ፋብሪካው የሚፈልገው ለጨርቅ ማቅለሚያ የሚረዳ ንጥረ ነገር ነበር። በዚያን ዘመን የጥጥ ጨርቅ ቀለም ሲነከር ቀለሙ በጨርቁ ላይ እንዲጣበቅና በእጥበት እንዳይለቅ አሉሚና የሚባለው ነጭ ዱቄት ያገለግል ነበር። አሉሚና የሚባለው አሉሚኒየም ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ነገር ነው። እንግዲህ የባየር ተግባር ይህን ዱቄት ከቀዩ ቦክሳይት በርካሽና በጥራት ማውጣት ነበር።

ከእሱ በፊት የነበረው ዘዴ በፈረንሳዊው በሉዊ ለ ሻትልዬ በ1855 የተገኘ ነው። በዚህ ዘዴ ቦክሳይቱ ከሶዳ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚነድ እቶን ይጠበስ ነበር። የተጠበሰው በውሃ ሲዘፈዘፍ የአሉሚኒየሙ ክፍል ይሟሟል፤ ከዚያም በፈሳሹ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ሲነፋበት ነጩ ነገር ይዘቅጣል። ዘዴው ይሠራል፤ ዳሩ ግን ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ እቶኑ ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ሁለተኛ፣ የሚዘቅጠው ነገር እንደ ሙጫ የሚዝለገለግ ስለ ሆነ ለማጥለልም ሆነ ለማጠብ እጅግ ያስቸግራል።

ባየር መጀመሪያ ያቃናው ሁለተኛውን ጉድለት ነው። በ1887 ባደረገው ሙከራ አንድ ድንቅ ነገር ተመለከተ። አሉሚናን ያሟሟው የሶዳ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ጥቂት ንጹሕ የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ዱቄት ቢጨመርበትና ሳይቋረጥ ቢማሰል፣ ጋዝ ሳይነፋበት በራሱ ጊዜ ነጩን ዱቄት ያወጣል። የሚወጣውም የሚዝለገለግ ሳይሆን እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚንኮታኮት፣ በቀላሉ የሚጠልልና የሚታጠብ ነው። ሊጥ ለማቡካት ከትናንቱ ሊጥ እርሾ እንደሚተርፍ ሁሉ፣ ከትናንቱ ዱቄት ጥቂቱ ለዛሬው ዘር ይሆናል ማለት ነው። እርግጥ እርሾ ሕይወት ያለው ሲሆን ይህኛው ግዑዝ ነው፤ ነገር ግን ጥቂቱ ብዙውን በመቀስቀሱ ይመሳሰላሉ።

ሁለተኛውን ግኝት ያገኘው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በካማ ወንዝ አጠገብ በየላቡጋ አካባቢ ሲሠራ ነው። በ1892 ባየር እቶኑን ጭራሹን የሚያስቀር ዘዴ አገኘ። የተፈጨውን ቦክሳይት ከኮስቲክ ሶዳ ፈሳሽ ጋር በወፍራም የብረት ጋን ውስጥ ከቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶ፣ በእንፋሎት ግፊት አሞቀው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምርም ፈሳሹ ሳይፈላ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በዚህ ጊዜ ኮስቲክ ሶዳው አሉሚናውን መርጦ ያሟሟል፤ ብረቱንና አብዛኛውን ሌላ ነገር ግን አይነካም። የሟሟው በፈሳሹ ውስጥ ሲቀር ያልሟሟው ቀይ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል።

የሁለቱ ግኝቶች ታላቅነት የታየው ሲጣመሩ ነው። በመጀመሪያ ቦክሳይቱ በዝግ ጋን ይሟሟል፤ ቀጥሎ ቀዩ ዝቃጭ ተጠልሎ ይወጣል፤ ከዚያም ንጹሑ ፈሳሽ ቀዝቅዞና ዘር ተጨምሮበት ነጩን ዱቄት ይሰጣል። ዱቄቱን ከወለደ በኋላ የሚተርፈው የሶዳ ፈሳሽ ደግሞ አይደፋም፤ እንደገና ወደ ጋኑ ተመልሶ አዲስ ቦክሳይት ያሟሟል። በመጨረሻም ነጩ ዱቄት ከ1000 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ሲጠበስ ውሃው ተኖ ንጹሕ አሉሚና ይቀራል። ይህ ዑደት ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈው በኋላ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። በዓለም ላይ ከሚመረተው አሉሚና ከመቶ ከ90 የሚበልጠው የሚገኘው በዚሁ በባየር ዘዴ ነው።

ጊዜው ለባየር ሥራ የተመቸ ሆነ። በ1886 ቻርልስ ሆል በአሜሪካ፣ ፖል ኤሩ ደግሞ በፈረንሳይ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ አሉሚናን በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ አሉሚኒየም የሚለውጥ ዘዴ አግኝተው ነበር። የእነርሱ ዘዴ ንጹሕ አሉሚና በብዛት ይፈልጋል፤ ባየር ደግሞ ንጹሕ አሉሚና በብዛት የሚያወጣ ዘዴ ይዟል። ስለዚህ ለጨርቅ ማቅለሚያ ታስቦ የተጀመረው ሥራ የአዲስ ኢንዱስትሪ መሠረት ሆነ። በ1893 በደቡብ ፈረንሳይ በጋርዳን ከተማ የተቋቋመው ፋብሪካም የባየርን ዘዴ በመጠቀም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር።

ባየር በ1894 ወደ አገሩ ተመልሶ በኦስትሪያ ሥቲሪያ ግዛት ሪትስዶርፍ በምትባል መንደር ተቀመጠ፤ ስፍራው ዛሬ በስሎቬንያ ውስጥ ይገኛል። በዚያም ምርምሩን ሳያቋርጥ ኖሮ በ1904 በ57 ዓመቱ አረፈ። እሱ ከመሞቱ በፊት፣ በ1903 መጨረሻ፣ ራይት የተባሉት አሜሪካውያን ወንድማማቾች በሞተር ኃይል በአየር ላይ ሲበሩ የሞተራቸው አካል ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር። ሆኖም ባየር የዚህን ዘመን ጅማሬ እንጂ ሙላቱን ለማየት አልታደለም።

ተማሪዎች፣ የብዙ ሰዎች የሕይወት ታሪክ በመቃብር ይፈጸማል። የባየር ታሪክ ግን ከዚህ በኋላ ይቀጥላል። ተጠልሎ የወጣው ቀይ ዝቃጭ የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቃችኋልን?

አንድ ቶን አሉሚና ሲመረት በአብዛኛው ከአንድ ቶን እስከ አንድ ቶን ተኩል የሚደርስ ዝቃጭ ይተርፋል። ይህም በዝገት ቀለሙ ምክንያት ቀይ ጭቃ ይባላል። ቀለሙን የሚሰጠው በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ከዚህም ሌላ ቲታንየም፣ ሲሊካ፣ ያልወጣ አሉሚናና ታጥቦ ያላለቀ ኮስቲክ ሶዳ ይገኝበታል። ጉዳት የሚያመጣው በተለይ ይህ ሶዳ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ አፈርን መካን ያደርጋል። ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ150 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ቀይ ጭቃ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ጥቅም ላይ የሚውለው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሲሆን የቀረው በግድብ ታቁሮ ወይም በሜዳ ተከምሮ ይቀመጣል። በጋርዳን ደግሞ ከ1966 እስከ 2015 ድረስ ዝቃጩ በቧንቧ ተወስዶ በሜዲቴራንያን ባሕር ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይፈስ ነበር።

የታቈረ ነገር አንድ ቀን መውጫ ሊፈልግ ይችላል። በኦክቶበር 4 ቀን 2010፣ በሃንጋሪ አገር በአይካ ከተማ አጠገብ የነበረው የቀይ ጭቃ ግድብ ግንቡ ተናደ። አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያህል ፈሳሽ በኮሎንታር መንደርና በዴቬቼር ከተማ ላይ በአንድ ጊዜ ወረደ። ዐሥር ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ የሚበልጡ ቆሰሉ፤ ብዙዎቹም ሶዳው ያቃጠላቸው ነበሩ። በማርሳል ወንዝ ውስጥ የነበረው ዓሣ በሙሉ አለቀ። ፈሳሹን ለማርከስ ጂፕሰምና አሲድ ወደ ወንዙ ተጨመረ። ከባየር ሞት ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በጠዋት ተነሥተው ወደ ሥራቸው የሄዱ ሰዎች ማታ ሲመለሱ ቤታቸውን እስከ መስኮቱ ድረስ ቀይ ሆኖ አገኙት።

ታዲያ ይህ ጭቃ ለምንም የማይረባ ነውን? አይደለም። በውስጡ ብዙ ብረት አለ፤ ሲሚንቶ ለመሥራት የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮችም አሉት። ስካንዲየም የሚባለው ብርቅ ማዕድንም በጥቂቱ ይገኝበታል። ችግሩ ግን ውሃና ሶዳ የተሸከመ በመሆኑ ማጓጓዙም ሆነ ማድረቁ ከጥቅሙ ይልቅ ወጪው እንዳይበዛ የሚያሰጋ መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ መጠኑ ስለ በዛ ጡብ ወይም የሸክላ ዕቃ ቢሠሩበት እንኳ ክምሩ አይጎድልም።

ሆኖም ሰዎች ተስፋ አልቆረጡም። የአሠራሩን ጉድለት ከምንጩ ለመቀነስ ብዙ ፋብሪካዎች ጭቃውን ደጋግመው በማጠብ ሶዳውን መልሰው ይጠቀሙበታል፤ በመጭመቂያ ማጥለያም ውሃውን ጨምቀው ደረቅ አፈር አድርገው ይከምሩታል። ደረቅ ክምር እንደ ታቈረ ፈሳሽ ግድብ ሰብሮ አይጐርፍም። የደረቀውንም በግሪክና በሕንድ የሚገኙ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ወስደው ከጥሬ ዕቃቸው ጋር ቀላቅለውታል። በምዕራብ አውስትራሊያ በክዊናና ከ2007 ጀምሮ ከጎረቤት ፋብሪካ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጭቃው ውስጥ እየተነፋ የሶዳው ኃይል እንዲበርድ ተደርጎ ነበር። ባየር ከሥራው ያስወጣው ያ ጋዝ የባየርን ዝቃጭ ለማብረድ ተመልሶ መምጣቱ የሚያስገርም ነው። በ2024 ደግሞ በጀርመን አገር በዲስልዶርፍ ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች ቀይ ጭቃን በኤሌክትሪክ ቅስት እቶን አቅልጠው በሃይድሮጅን አማካይነት በዐሥር ደቂቃ ያህል ብረቱን ለይተው ማውጣታቸውን አስታወቁ። ይህ ገና የቤተ ሙከራ ውጤት ነው፤ ነገር ግን የባየር ዘርም መጀመሪያ የታየው በቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ በባየር ላይ ፍርዳችን ምን ይሁን? ጥፋተኛ ብንለው አግባብ አይሆንም። በእሱ ዘመን የነበረው የዝቃጭ መጠን ጥቂት ነበር፤ እሱም የተጠየቀውን ጥያቄ በሚገባ መልሷል። የተጠየቀው ነጩን ከቀዩ መለየት ነበር፤ ለየውም። ቀዩን ምን እናድርገው የሚለውን ጥያቄ ግን በጊዜው በብርቱ የጠየቀ ስላልነበረ፣ ያልተጠየቀው ጥያቄ እየተከማቸ ኖሮ በአይካ ግድቡን ሰበረ። ጤፍ የነፋች ሴት ሥራዋ የሚያልቀው ዱቄቱን በማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ገለባውም የሚሄድበት ቦታ ያስፈልገዋል። የአንድ ግኝት ሙሉ ዋጋ የሚታወቀው ከሰጠው ጥቅም ጋር ያስተረፈው ዝቃጭ ሲቈጠር ነው።

ስለዚህ ነገ መሐንዲስ፣ ገበሬ፣ ነጋዴ ወይም መምህር ስትሆኑ፣ ሥራችሁን ፈጽማችሁ እጃችሁን ከመታጠባችሁ በፊት ወደ ኋላችሁ ተመልከቱ። የወደቀውና የተረፈው ምንድን ነው? ማንስ ያነሣዋል? ባየር ያቆመውን ሥራ የሚፈጽመው ሰው ገና አልታወቀም፤ ምናልባት ዛሬ እንደ እናንተ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይማር ይሆናል።

ሐ. የምንባቡ ጥያቄዎች

1. ባየር ወደ ሩስያ ሲሄድ አሉሚና ለምን ሥራ ይፈለግ ነበር?
2. ከባየር በፊት የነበረው ዘዴ ሁለት ጉድለቶች ምንና ምን ነበሩ? ባየር እያንዳንዳቸውን በምን አቃናቸው?
3. ጸሐፊው የዱቄቱን ዘር ከሊጥ እርሾ ጋር ያመሳሰለው በምን ነው? ልዩነታቸውስ?
4. ደረቅ ክምር ከታቈረ ፈሳሽ ይልቅ አስተማማኝ የሚሆነው ለምንድን ነው?
5. በባየር ላይ የተሰጠውን ፍርድ ትቀበሉታላችሁን? ምክንያታችሁን አስረዱ።

መ. ቃላትና ሰዋስው

1. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ በገቡበት አኳኋን ፍቱ፤ ከዚያም በእያንዳንዳቸው የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ሥሩ፦ ተቈራኝቶ፣ ዝቃጭ፣ ፈለግ፣ ግዑዝ፣ ማርከስ።
2. ከምንባቡ ውስጥ «ዳሩ ግን»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህም» እና «ሆኖም» የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጡ። ተቃራኒ ሐሳብ የሚያያይዙትንና ውጤት የሚያመለክቱትን ለዩ።

ሠ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ካሉት ሙያዎች አንዱን ምረጡ፤ ቆዳ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ወፍጮ ቤት ወይም አናጢ ሊሆን ይችላል። ከሥራው የሚተርፈው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ የት እንደሚጣልና ለምን ሊጠቅም እንደሚችል ባለሙያውን ጠይቃችሁ በአራት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሥራውን፣ በሁለተኛው ተረፉን፣ በሦስተኛው ችግሩን፣ በአራተኛው የራሳችሁን ሐሳብ ግለጹ።